መጀመሪያ ሞላ፣ ኋላ ማርሚታ፦ በማስታንግ ቪ6 ላይ ደብል ማርሚታና ሰስፔንሽን አብሮ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛብኝ ነው፦ «ደብል ማርሚታ አስገጠምኩ፣ ሞላ ቀይሬ መኪናዬን ዝቅ አደረግኩ፣ አሁን ጉብታ ባለፍኩ ቁጥር ከሥር ይመታል፤ ምን ላድርግ?» መልሱ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ማርሚታው ቀድሞ ተገጥሟል፣ መኪናው ዝቅ ያለው ኋላ ነው።

እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ቧንቧዎቹን አስበይጄ ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናዬን 35 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገጠምኩ። በማግስቱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳልፍ ከኋላ «ኳ!» አለ። ሥሩ ገብቼ ባትሪ ሳበራ ቧንቧው ላይ ሳንቲም የምታህል፣ እንደ መስታወት የምታበራ ቦታ አየሁ። ፊት ለፊቷ ያለው ፓንሃርድ ባር (የኋላ አክስሉን ከጎን የሚይዘው ዘንግ) ደግሞ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ብየዳውን አስቆርጬ እንደ አዲስ ማሠራት ነበረብኝ።

መመሪያው ከ2005 እስከ 2010 (እንደ ፈረንጆቹ) ለተመረተው ባለ 4.0 ሊትር ቪ6 ፎርድ ማስታንግ ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው በአንድ ማርሚታ ነው። ባለ ቪ8 ሞተሩ ማስታንግ ጂቲ ደብል ነበር፤ ቪ6ቱም በ2011 ወደ 3.7 ሊትር ሞተር ሲቀየር ደብል ይዞ መጣ። ሌላ መኪና ያላችሁ ልኬቶቹን ትታችሁ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ።

ቅደም ተከተሉ ለምን ይወስናል?

የዚህ መኪና የኋላ አክስል አንድ ወጥ ነው፤ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ አክስል ተያይዘው አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የጭስ ማውጫው ቧንቧ የሚያልፈው ደግሞ ከዚያ አክስል በላይ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል አክስሉ ወደ ቧንቧው ይጠጋል።

ሌላም ነገር አለ። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ፓንሃርድ ባር አንድ ጫፉ ቦዲው ላይ፣ ሌላው ጫፉ አክስሉ ላይ ታስሯል። መኪናው ዝቅ ሲል ባሩ ቅስት እየሠራ ስለሚዞር አክስሉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ በድሮው ቁመት «በቂ ክፍተት አለ» የተባለው ቧንቧ ከላይም ከጎንም ክፍተቱን ያጣል።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ሳታዙ ለኩ

1. መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። የጎማ ንፋስ በሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን፤ ነዳጅ ግማሽ ታንክ። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከባድ ዕቃ ካለ አውጡ።
2. በአራቱም ጎማዎች ከቸርኬው መሐል ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በቀጥታ ወደ ላይ ለኩና ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስ ያሳስታችኋል።
3. ሥሩ ገብታችሁ ፎቶ አንሡ፦ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ መስመር፣ የእጅ ፍሬን ገመድ፣ የኤቢኤስ ሽቦ፣ ፓንሃርድ ባሩና የሚታሰርበት ብረት። በኋላ «ይህ ሽቦ ድሮም እንዲህ ነበር?» ስትሉ ፎቶው ይመልሳል።
4. ማርሚታ በሌለው ጎን ማንጠልጠያ መኖር አለመኖሩን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ማዘዝ አለባችሁ።
5. የኋላ ፓራውልቱን የታችኛውን ፕላስቲክ እዩ። አዲሱ ጫፍ የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለው ወይ የጂቲውን ፕላስቲክ ታገኛላችሁ፣ ወይ ይቆረጣል። አሁን ግን አትቁረጡ። መቁረጥ የመጨረሻ ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ የዕቃ ምርጫ

*ሞላ።* ከ25 እስከ 38 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ በቂ ነው። ከዚያ በታች የወረደ ማስታንግ ያምራል፤ ደብል ማርሚታ ያለው ከሆነ ግን ሲያንኳኳ ይኖራል። ለቪ6 ተብሎ የተሠራውን ግዙ፤ የጂቲው ሞተር ክብደት የተለየ ስለሆነ የፊት ሞላው አይመሳሰልም።

*አሞርትዛቶር።* አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌ አሞርትዛቶር አጭርና ጠንካራ ሞላ መቆጣጠር ያቅተዋል፤ መኪናው ይነጥራል፣ የነጠረ አክስል ደግሞ ቧንቧ ይመታል።

*የሚስተካከል ፓንሃርድ ባር።* ብዙዎች ገንዘብ ለመቆጠብ የሚተዉት ይህን ነው። እኔ ብሆን ከማርሚታው ጫፍ ላይ ቆጥቤ ይህን እገዛለሁ።

*ቧንቧ።* 210 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር በየጎኑ 2.25 ኢንች በቂ ነው፤ ኪቶች ብዙ ጊዜ በ2.5 ኢንች ይመጣሉ፣ ያም ይሠራል። ከዚያ የወፈረ አትፈልጉ፤ ጉልበት አይጨምርላችሁም፣ አክስሉ ላይ ያለችውን ጠባብ ቦታ ግን ይወስዳል። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንበት አገር፣ ለምሳሌ ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ፣ 304 የሚባለውን ስቴንለስ ምረጡ። 409 የሚባለው ይረክሳል፣ ነገር ግን ላዩ ቶሎ ይዝጋል።

*ማገናኛ።* የግራና የቀኙን ቧንቧ የሚያገናኝ ኤች ወይም ኤክስ ቅርጽ ያለው ክፍል ይኑረው። ጨርሶ ያልተገናኙ ሁለት ቧንቧዎች በቪ6 ላይ ድምፃቸው ይሻክራል።

*ካታሊስት (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል)።* አትንኩት። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ከሚነዳ መኪና ካታሊስት ማውጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሥራችሁ ሁሉ ከካታሊስቱ በኋላ ይሁን።

ለሻጩ ሦስት ጥያቄ አቅርቡ፦ ኪቱ ዝቅ ባለ መኪና ላይ ይሠራል? የጎደለውን ጎን ማንጠልጠያ ይዟል? ኮንቨርትብል ላይ ይገባል? የመጨረሻው ኮንቨርትብል ላላችሁ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ተጨማሪ ማጠናከሪያ ብረት አለው።

ደረጃ 3፦ ዝግጅት

አራት ስታንድ፣ ሁለት ክሪክ፣ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ)፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ የዓይን መነጽር፣ ክርና ቱንቢ፣ አንድ እፍኝ ሊጥ። ሊጡ ቀልድ አይደለም፤ ደረጃ 7 ላይ ትፈልጉታላችሁ።

- የማርሚታውን ቡሎኖች ከሥራው አንድ ቀን በፊት ማታ ዘይት አጠጧቸው፣ ጠዋት ድገሙት።
- የእያንዳንዱን ቡሎን የማጥበቂያ ልክ ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳው ላይ ለጥፉ።
- ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ።

ሁለት ቅዳሜና እሁድ ያዙ። በመጀመሪያው ሰስፔንሽን፣ በሁለተኛው ማርሚታ። በአንድ ቀን እንጨርስ ያላችሁ እንደሆነ አዲሱ ሞላ ሳይረጋ ቧንቧ ታስራላችሁ።

ደረጃ 4፦ ሰስፔንሽን

*ፊት።* የፊት ሞላ አሞርትዛቶሩ ላይ ታምቆ የተቀመጠ ነው። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ጥሩ የሞላ መጭመቂያ ከሌላችሁ አሞርትዛቶሩን ከነሞላው አውጥታችሁ ጋራዥ ውሰዱና እዚያ ያለያዩላችሁ። የላይኛውን መሐለኛ ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ በፍጹም አትፍቱ።

*ኋላ።* እዚህ ሞላውና አሞርትዛቶሩ የተለያዩ ስለሆኑ ይቀላል።

1. ቦዲውን በስታንድ አቁሙ፤ ክሪክ ከአክስሉ መሐል ሥር አድርጉ።
2. የአሞርትዛቶሩ የላይኛው ዳዶ የሚገኘው የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ከምንጣፉ ጀርባ ነው። የላዩንም የታቹንም ፍቱ።
3. ፓንሃርድ ባሩን ከአንድ ጫፍ ፍቱ።
4. አክስሉን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። አንድ ሰው የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ብቻ ይመልከት። ቱቦው ከተወጠረ አቁሙና ማሰሪያውን አላቅቁ። አክስል በፍሬን ቱቦ አይንጠለጠልም።
5. ሞላውን አውጡ፣ ላስቲኩን ወደ አዲሱ አዛውሩ፣ አዲሱን አስገቡ፣ አክስሉን መልሱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ የጎማ ቡሽ ያላቸውን ቡሎኖች መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቁ። እጅ እስኪይዛቸው ብቻ እሰሩ፣ ከዚያ የመኪናው ክብደት ጎማው ላይ እንዲያርፍ አድርጉና በቶርክ ሬንች ጨርሱ። ተንጠልጥሎ የጠበቀ ቡሽ ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ቶሎ ይቀደዳል፤ ቁመቱንም ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ ልኬታችሁን ያበላሻል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ያህል ንዱት። በድሮው ማርሚታ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ቢነካም ታገሡት። ሞላው ሲረጋ ቁመቱ ጥቂት ሊወርድ ይችላል።

ደረጃ 5፦ አክስሉን መሐል ማምጣት

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ቀጣዩን ሁሉ በከንቱ ይደክማል።

1. አራቱንም ቁመት እንደገና ለኩ። የግራና የቀኝ ልዩነት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አትቀጥሉ፤ ሞላው መቀመጫው ላይ በትክክል አልተቀመጠም፣ ወይም ላስቲኩ ተጣጥፏል።
2. ከኋላ ግራ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቱንቢ በክር አንጠልጥሉ። ከክሩ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ። በቀኝም እንዲሁ።
3. ግራ 18፣ ቀኝ 30 ሚሊ ሜትር ወጣ እንበል። ልዩነቱ 12 ነው፤ አክስሉ መሄድ ያለበት የ12ቱን ግማሽ፣ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ሙሉውን 12 ያዞረ ሰው ስሕተቱን ወደ ሌላው ጎን አዛወረው እንጂ አላረመውም።
4. ፓንሃርድ ባሩን በማስረዘም ወይም በማሳጠር አስተካክሉ፣ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ንዱት፣ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን መቆለፊያ ዳዶዎቹን አጥብቁ።

ደረጃ 6፦ ማርሚታውን ሳታጠብቁ ስቀሉ

1. ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።
2. አሮጌውን ፍቱ። ያልላቀቀ ዳዶ ካለ በእሳት ከማሞቃችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ፤ የነዳጅ መስመር በአቅራቢያ ካለ እሳት የለም፣ ዳዶ መሰንጠቂያ ተጠቀሙ። የጎማ ማንጠልጠያዎቹ በሳሙና ውኃ ቢረጥቡ ተንሸራተው ይወጣሉ።
3. የኦክስጅን ሴንሰር ሽቦዎችን አትጎትቱ፤ መስመራቸውን እንደነበረ አቆዩ።
4. የጎደለውን ጎን ማንጠልጠያ እሰሩ። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ካስፈለገ ከብረቱ ጀርባ ምን እንዳለ ሳታዩ አትብሱ፤ የተበሳውን ቦታ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት።
5. ከካታሊስቱ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ክፍል በክፍል አስገቡ። ክላምፖቹ (የቧንቧ ማሰሪያዎቹ) ቧንቧው በእጅ እስኪዞር ድረስ ልል ይሁኑ።
6. ሁለቱን ጫፎች ከመኪናው ጀርባ ርቃችሁ ቆማችሁ እዩ። አንዱ ከፍ ካለ ጫፉን በጉልበት አትግፉ፤ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ያለው ፊት፣ ከኤች ማገናኛው አጠገብ ነው። እዚያ ትንሽ ያዘነበለ ቧንቧ ኋላ ስትደርሱ ብዙ ይሆናል።

ክፍተት በዚህ ልክ ተዉ፦ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ (አክስል፣ ፓንሃርድ ባር፣ አሞርትዛቶር) ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር፤ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር 50፣ ካልተቻለ መሐላቸው የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይግባ፤ ከቦዲው 15።

ርዝመቱንም አስቡ። ስቴንለስ ሲግል ይረዝማል፤ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቧንቧ በደንብ ሲሞቅ ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ማንጠልጠያዎቹ በቀዝቃዛው ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበሉ ይሁኑ፤ ሲሞቅ ቀጥ ይላሉ። የፓራውልቱ ቀዳዳም ለዚህ ቦታ ይተው፣ አለበለዚያ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ደረጃ 7፦ የሊጥ ሙከራ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ቆሞ ያለ መኪና ላይ ክፍተት ሁልጊዜ በቂ ይመስላል። ማየት ያለባችሁ አክስሉ እስከ ላይ ሲወጣ ነው፤ ሞላው ባለበት ደግሞ እስከዚያ ልትገፉት አትችሉም።

1. ቦዲውን በስታንድ አቁሙ። የኋላ ሞላዎቹን አውጡ፤ አሁን ለምዳችኋል፣ ፈጣን ሥራ ነው። ፓንሃርድ ባሩን ግን መልሳችሁ እሰሩ፤ አክስሉ ትክክለኛውን ቅስት እንዲከተል እርሱ ያስፈልጋል።
2. ቧንቧው ለአክስሉ፣ ለፓንሃርድ ባሩና ለመታሰሪያው ብረት በሚቀርብበት ቦታ ሁሉ እንቁላል የሚያህል ሊጥ ለጥፉ። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉ፤ ብረት ላይ ከደረቀ ማስለቀቁ ያሰለቻል።
3. አክስሉን በክሪክ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉ። የግጭት መከላከያው ላስቲክ ሲነካ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከገፋችሁ ቦዲው ከስታንዱ ይነሣል።
4. አክስሉን አውርዱና የተጨፈለቀውን ሊጥ በቢላ ቁረጡ፤ ውፍረቱን ለኩ። ላስቲኩ በከባድ ጉብታ ላይ ራሱ ስለሚጨመቅ ከ20 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሊጥ በቂ አይደለም።
5. አሁን አክስሉን በአንድ ጎን ብቻ አንሡ፤ አንድ ጎማ ብቻ ጉብታ ላይ ሲወጣ የሚሆነው ይህ ነውና። በሌላው ጎንም ድገሙ። በሁለቱም ጎን አብሮ ሲነሣ የማይነካ ቧንቧ አንድ ጎን ብቻ ሲነሣ የሚነካበት ጊዜ ብዙ ነው።
6. በመጨረሻ አክስሉን እስከ ታች አውርዱ፤ ቧንቧው የፍሬን ቱቦውን እንዳይጎትት እዩ።

ክፍተት ካነሰ፦ መጀመሪያ ቧንቧውን መጋጠሚያው ላይ አዙሩት፤ ጥቂት ዲግሪ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልሆነ መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ርዝመት ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ያም ካልሆነ ቧንቧ ሠሪ ጋ ወስዳችሁ አስጎንብሱት። በመዶሻ አትጨፍልቁት።

ደረጃ 8፦ ማጥበቅ ወይም መበየድ

ከፊት ወደ ኋላ አጥብቁ። ከእያንዳንዱ ክላምፕ በኋላ የሁለቱን ጫፍ ቁመት እዩ፤ ሲጠብቅ ቧንቧው ይዞራል።

ብየዳ የምትፈልጉ ከሆነ መኪናው ላይ በነጥብ ብቻ አስይዙ፣ አውርዳችሁ ውጭ ጨርሱት። መኪናው ላይ ነጥብ ከመምታታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ የብየዳውን መሬት ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰሩ፣ እሳት ማጥፊያ ይቅረብ። እኔ ክላምፕ እመርጣለሁ፤ ነገ አሞርትዛቶር ልቀይር ስል አይከለክለኝም።

የእጅ ቅባት ስቴንለስ ላይ ተቃጥሎ ምልክት ስለሚተው ቧንቧውን በአልኮል ጥረጉ። በፍሬን ማጽጃ አትጥረጉ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲግል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ሞላዎቹን መልሱ፣ ፓራውልቱንም አሁን ቁረጡ፤ የጫፉ ቦታ ታውቋልና።

ደረጃ 9፦ ማስነሣት

ደጅ አስነሡት። ቧንቧው ገና ቀዝቃዛ ሳለ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ርጩ፤ አረፋ ካለ ያፈስሳል። አንድ ሰው ወፍራም ጨርቅ ይዞ ጫፎቹን ለጥቂት ሰከንድ ቢሸፍን ፉጨቱ ጎልቶ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጭስና ሽታ ይኖራል፤ የፋብሪካ ዘይት ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላም ካልቆመ ግን አጥፉና ቧንቧው ፕላስቲክ ወይም ላስቲክ ነክቶ እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 10፦ አላይመንት

የመጨረሻው ነው። ዝቅ ያለ መኪና የፊት ጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ ዝንባሌ ካምበር ይባላል። ጎማን ከውስጥ በኩል ቶሎ የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ ካምበሩ ሳይሆን የተበላሸ ቶው (ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበት ልክ) ነው። ስለዚህ «ካምበሩ በዚህ መኪና አይስተካከልም» ያላችሁ ሰው ቶውን በትክክል ማስተካከሉን በወረቀት ይስጣችሁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

*ጉብታ ላይ ይመታል።* የሚያበራውን ቦታ ፈልጉ። ካላገኛችሁ የተጠረጠረውን ቦታ ነጭ ቀለም ቀብታችሁ አንድ ቀን ንዱ፤ የተላጠው ይነግራችኋል።

*በአውራ ጎዳና ፍጥነት ጆሮ የሚያደነቁር እምምታ።* በ2,000 ዙር አካባቢ ከሆነ የማርሚታው ጠባይ ነው፤ ከኤች ማገናኛው በኋላ ባለው ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ሬዞኔተር (ድምፅ የሚያለዝብ ትንሽ ማርሚታ) ጨምሩ። ኪቱን ስትገዙ ለዚህ ቦታ መኖሩን ብታዩ ጥሩ ነበር።

*በፍጥነት ወለሉ ይንቀጠቀጣል።* ማርሚታውን አትክሰሱ። መኪናው ዝቅ ሲል የካርዳኑና የአክስሉ ማዕዘን ተቀይሯል፤ የላይኛውን የአክስል ክንድ በሚስተካከል መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ ግን ቧንቧው የካርዳኑን መሸፈኛ ወይም ወለሉን እንዳልነካ አረጋግጡ።

*የሞተር መብራት በራ።* ኮዱን አስነብቡ። ፒ0420 ወይም ፒ0430 (የካታሊስት ጉድለት ኮዶች) ከሆነ ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት ከሴንሰሩ አጠገብ ያለውን መጋጠሚያ ፈትሹ፤ የሚያፈስስ ቦታ አየር አስገብቶ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። ቨርጂኒያ የምትኖሩ ይህን ከዓመታዊው ፍተሻ በፊት ጨርሱ፤ የሚያፈስስ ማርሚታ እዚያ ያስጥላል።

*ከመቶ ማይል በኋላ መንኳኳት ጀመረ።* ምናልባት ክላምፕ ላልቷል። ብረቱ ሞቆ ቀዝቅዞ ስለሚቀመጥ ከ50 እስከ 100 ማይል ስትነዱ መኪናውን አንድ ጊዜ አንሡና ክላምፖቹን፣ የፓንሃርድ ባሩን መቆለፊያ ዳዶና የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች ድገሙ። ቧንቧው ቀዝቃዛ ሳለ ይሁን፤ ትኩሱን የነካ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም አለ።